ካባው ከአባቴ መሬት ውጪ ነው፣ ጉዳቱ ግን ቤታችን ገብቷል፤ በሕግ ምን መብት አለን?

የሸዋው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአባቴ ቤት 300 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የባዛልት ካባ (የድንጋይ ማውጫ) ተከፍቷል፤ ክሬሸርም (የድንጋይ መፍጫ ማሽን) ተተክሏል። ድንጋዩን የሚያፈርሱት በድማሚት ነው። ከእኛ ይዞታ የተወሰደ መሬት የለም። ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ግን የብሎኬቱ ቤት ግድግዳ ተሰነጣጠቀ፣ የታችኛው ማሳ ጤፍ አቧራ ለብሶ ይውላል፣ ምንጩም እየቀነሰ ነው። አንዳንዴ ፍንጣሪ ድንጋይ ማሳው ላይ ይወድቃል። ወረዳ ሲጠየቅ «መሬታችሁ ስላልተነካ ካሳ አይመለከታችሁም፣ ድርጅቱም ሕጋዊ ፈቃድ አለው» የሚል መልስ ተሰጠን። ድርጅቱ በበኩሉ ለየቤቱ ትንሽ ብር ሰጥቶ ወረቀት ሊያስፈርም እየዞረ ነው።

ሰባት ቤተሰብ ነን፣ ሁላችንም የይዞታ ደብተር አለን። ፈቃድ ያለው ድርጅት ይከሰሳል ወይ? ከየት እንጀምር? ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል? እኔ ያለሁት ጂዳ ነው፤ አባቴ ደግሞ በዕድሜ ገፍተዋል።

ነገረ ፈጅ

ወንድሜ፣ ወረዳው ሁለት ዓይነት ካሳ አደባልቆባችኋል።

አንደኛው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለው ነው፤ በአዋጅ 1161/2011 ይመራል (በ2016 በአዋጅ 1336 ተሻሽሏል፣ ማሻሻያውንም አብራችሁ አንብቡ)። በቋሚነት ተነስቶ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት የከፍተኛው ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈላል የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። እሱ በእርግጥ እናንተን አይመለከትም። ሁለተኛው በጎረቤት ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሳ ነው፤ መነሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሆነ መሬት መወሰድ አለመወሰዱ ቦታ የለውም።

ለእናንተ ዋናው ድንጋጌ ቁጥር 2069 ነው። ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ የመሬቱን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ፣ ወይም የተለየ አደጋ ያለበት የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋለጠ፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ይሆናል። ጥፋት መሥራቱን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ሁለተኛው ንዑስ ቁጥር ደግሞ ባለሥልጣን ለሥራው ፈቃድ መስጠቱ ከዚህ ኃላፊነት እንደማያድን በግልጽ ይናገራል። «ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ያበቃል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995ም ቢሆን የግምገማ ሰነዱ መጽደቁ ባለ ፕሮጀክቱን ለሚያደርሰው ጉዳት ከመጠየቅ አያድነውም ይላል።

ቀጥሎ ያለው 2070 ግን ገደብ አለው። ካባው አጠገብ በመሆናችሁ ብቻ የቤታችሁ ወይም የይዞታችሁ ዋጋ ቀነሰ ብላችሁ በ2069 መጠየቅ አትችሉም። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የጠፋ ሰብል፣ የደረቀ ምንጭ ማሳየት አለባችሁ። አቤቱታው ላይ «የቤታችን ዋጋ ወርዷል» የሚል ቁጥር የሚጨምሩ ሰዎች የቀረውን ጥሩ ክስ ጭምር ያዳክሙታል።

ቁጥር 1225 መሬቱን የሚሠራበት ሰው ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያስከትል ይከለክላል። ከዚያው አጠገብ ያለው ድንጋጌም ቁፋሮን ይመለከታል። 1225ን ክሱ ላይ ጥቀሱት፣ ብቻውን ግን አትደገፉበት። የተጻፈው ለ«ባለቤት» ስለሆነ የተከሳሽ ጠበቃ «እኛ የመሬቱ ባለቤት አይደለንም፣ መሬትም ማዕድንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው» ብሎ ይከራከርበታል። ፍንጣሪ ድንጋይ ማሳችሁ ላይ ሲወድቅ ወይም ገልባጭ መኪና ድንበር ሲጥስ ደግሞ በቁጥር 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ አለላችሁ፤ ባለይዞታ መሆን ብቻ ይበቃል፣ ደብተራችሁም ይህን ያስረዳል።

አንቀጽ 40ን ካነሳን አይቀር፦ ከድንጋዩ ሽያጭ ድርሻ ይገባናል የሚል ጥያቄ አታንሱ። መሠረት የለውም፣ ሌላውንም ያጨልማል።

ይርጋውን (ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ) አትርሱ። በ2143 የጉዳት ካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የ1149ም ሁለት ዓመት ነው። ለቀበሌ፣ ለወረዳ፣ ለዞን የምትጽፉት ደብዳቤ ይርጋውን ያቋርጥልናል ብላችሁ አትመኑ። ቁጥር 1851 ላይ የተቆጠሩት ማቋረጫዎች ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑና ለፍርድ ቤት ክስ መቅረቡ ናቸው። ስለዚህ ድርጅቱ «ግድግዳውን እንጠግናለን» ብሎ በማኅተም የጻፈው ደብዳቤ ካለ እንደ ዓይን ብሌን ያዙት። እያንዳንዱ ፍንዳታ አዲስ ጉዳት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ስንጥቅ ለዚያ ክርክር አሳልፋችሁ አትስጡ። ብዙ ትክክለኛ አቤቱታ የሞተው ሽማግሌ ሲላክ፣ ወረዳ «እናየዋለን» ሲል ሁለቱ ዓመት አልቆ ነው።

አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ

የነገረ ፈጅ መልስ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ከፍርድ ቤት በፊት ወይም ጎን ለጎን የሚሄደውን መንገድ ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ማስረጃም ያመጣላችኋል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ የሚችልን ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲከስ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። 60ው ቀን እንዲታወቅ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አስገቡና አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ውሰዱ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። አቧራ፣ ንዝረት፣ ድምፅ፣ ውኃ እያላችሁ ለየብቻ ጻፉ፤ ባለሙያ መጥቶ እንዲለካ፣ ልኬቱም በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለድምፅ ከ1995 ጀምሮ የሚጠቀሰው መለኪያ ለመኖሪያ አካባቢ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ክሬሸሩ በሌሊት የሚሠራ ከሆነ መለኪያው በሌሊት ይምጣ። የቀን ልኬት ይዘው ሄደው «ከደረጃ በታች ነው» ብለው የሚጽፉ አሉና በዚህ ላይ አጥብቃችሁ ተከራከሩ።

ጎን ለጎን ሰነድ ጠይቁ። የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው፤ ስለዚህ ወደ ማዕድን ቢሮው ወይም በዞንና በወረዳ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ነው የምትሄዱት። የምትፈልጉት የፈቃዱ ኮፒ (ቁጥሩ፣ የባለ ፈቃዱ ስም፣ የሚያበቃበት ቀን)፣ የፈቃድ ክልሉ ካርታ ከነ ኮኦርዲኔቱ፣ የጸደቀው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድና የመሬት መልሶ ማገገሚያ ዕቅድ ነው። በአዋጅ 299/1995 የግምገማ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፣ ሕዝቡም አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። ከተከለከላችሁ በመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልስ የመስጫ ጊዜ ገደብ 30 ቀን ነው።

ሰነዱ ሲመጣ ሁለት ቦታ ላይ አተኩሩ። መጀመሪያ የምክክር ቃለ ጉባኤውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የፈራሚዎች ዝርዝር ተያይዞ ይገኛል። ከሰባታችሁ ማን ፈረመ? በስብሰባው ያልነበረ ሰው ስም ካለ በማመልከቻ አስመዝግቡ። ከዚያ የአካባቢ አያያዝ ዕቅዱን ሰንጠረዥ እዩ። «መንገዱ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይረጫል»፣ «ክሬሸሩ ይሸፈናል»፣ «ፍንዳታ የሚካሄደው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው» የሚሉ ግዴታዎች ተጽፈው ታገኛላችሁ። ድርጅቱ ራሱ ፈርሞ ያልፈጸመውን ግዴታ መጥቀስ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ነጥብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። ፈቃዱ በአካባቢው ወጣቶች ማኅበር ስም ሆኖ ሥራውን የሚሠራው፣ ድማሚቱንም የሚያፈነዳው ሌላ ድርጅት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ ሁለቱንም ነው የምትከሱት። አንዱን ብቻ ከከሰሳችሁ «እኔ አይደለሁም» ይላል፣ ሌላውን እስክታስገቡ ወራት ይሄዳሉ።

የካባ መሐንዲስ

ሕጉን ለባለሙያዎቹ ልተውና ወደ ፍንዳታው ልምጣ፤ ዳኛው በመጨረሻ የሚጠይቀው «ይህን ስንጥቅ ያመጣው ፍንዳታው ነው ወይ?» ብሎ ነውና።

ቤት የሚጎዳው ንዝረት በአንድ ቅጽበት በሚፈነዳው መጠንና በርቀቱ ይወሰናል። በአንድ ቀን ስንት ኪሎ ፈነዳ የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ምሳሌ፦ ስምንት ጉድጓድ አለ፣ በእያንዳንዱ 50 ኪሎ ፈንጂ ገብቷል። ጉድጓዶቹ በዲሌይ (ፍንዳታውን በማዘግያ) ተራ በተራ ከፈነዱ በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው 50 ኪሎ ነው። በተለመደው የግምት ቀመር 300 ሜትር ላይ የሚደርሰው ንዝረት 3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ዲሌይ ሳይጠቀሙ ስምንቱን አንድ ላይ ካፈነዱ ግን 400 ኪሎ ሆነ፤ ንዝረቱም ወደ 15 ይደርሳል። የጀርመኑ ዲን 4150 ደረጃ ለመኖሪያ ቤት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላለው ንዝረት 5 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው የሚያስቀምጠው። ያው ካባ፣ ያው ፈንጂ፣ ያው ርቀት ሆኖ አንዱ ቀን ከደረጃው በታች፣ ሌላው ቀን ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአለቱ ዓይነትና የአፈሩ ውፍረት ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ ወፍራም የሸክላ አፈር ላይ ያለ ቤት ደግሞ ንዝረቱ ዝግ ብሎ ስለሚመጣበት ይበልጥ ይጎዳል።

ስለዚህ ከድርጅቱ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ ያለባችሁ የፍንዳታ መዝገቡን ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የጉድጓድ ብዛትና ጥልቀት፣ በየጉድጓዱ የገባው ኪሎ፣ የዲሌዩ አደራደር፣ የአፍ መድፈኛው (ከፈንጂው በላይ የጉድጓዱን አፍ የሚሞላው ነገር) ርዝመት። ፍንጣሪ ማሳችሁ ድረስ የሚመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መድፈኛው አጥሮ ወይም በጠጠር ፈንታ የቁፋሮ ዱቄት ተሞልቶ ነው፤ ወይም የፊተኛው ድንጋይ ለፈንጂው ሳስቶ ነው። የወደቀ ፍንጣሪ ሲገኝ ከቦታው ሳታነሱ አጠገቡ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከካባው ያለውን ርቀት በስልክ ጂፒኤስ ያዙ፣ ሁለት ምስክር ጥሩ።

ተከሳሹ ሁለት መከላከያ ይዞ እንደሚመጣ እወቁ። አንዱ መረሬው ነው። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ካባ በሌለበትም ቤት ይሰነጥቃል። ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በ2017 በፈንታሌ አካባቢ የነበረው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፣ ሰሜን ሸዋማ ይበልጥ ቅርብ ነው። ሁለቱንም የሚያፈርሰው ቀን ያለው ማስረጃ ነው።

ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። በየቤቱ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ቁጥር ስጡት። ጫፉ ላይ በእርሳስ ሰረዝ አስምራችሁ ቀኑን ጻፉ። ስንጥቁን አቋርጦ ሁለት ጣት የሚያህል ጄሶ ለጥፉ፣ ጄሶው ላይም ቀን ጻፉበት። ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ። ጄሶው ፍንዳታ በተሰማ ማግሥት ተሰንጥቆ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። መረሬው ያመጣው ስንጥቅ በወራት ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ዝናብ ሲመጣም መልሶ ይጠባል። ለማወዳደሪያ እንዲሆን ከካባው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር የራቀ፣ እንደ እናንተው ጥቁር አፈር ላይ ያለ ተመሳሳይ የብሎኬት ቤት ፈልጋችሁ ፎቶ አንሱ። እዚያ ምንም ከሌለ የመረሬውም የመንቀጥቀጡም ክርክር ይሳሳል።

ምንጩን በ20 ሊትር ጀሪካን ለኩት። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ በ80 ሰከንድ ከሆነ ግማሹ ጠፍቷል። በየወሩ አንድ ቀን፣ በጠዋት፣ ከመቀዳቱ በፊት ለኩና የቀበሌ ሰው ይፈርምበት። ብቻ በበጋ የሚቀንሰውን ከካባው ጋር እንዳታገናኙት፤ የሚወዳደረው ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ነው። የካባው ወለል ከምንጩ ከፍታ በታች ወርዶ እንደሆነ ወይም ውኃ በፓምፕ እያወጡ እንደሆነም አስመዝግቡ፤ ዋናው የቴክኒክ ነጥብ ያ ነው።

የሸዋው ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተረዳሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የጤፉን ጉዳት እንዴት ነው በብር የምናስገምተው? ካባውንስ ማዘጋት ይቻላል?

ነገረ ፈጅ

የጤፉን በግምት አትጻፉ። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከአጨዳ በፊት ማሳው ላይ ቆሞ ይይ፤ ከነፋሱ ወዲያ ማዶ ያለ፣ ያው ዘር የተዘራበት ማሳም ለንጽጽር ይታይ። ሪፖርቱ የማሳውን ስፋት፣ የሚጠበቀውንና የተገኘውን ምርት በኩንታል ይግለጽ። ዋጋውን ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አምጡ። ለቤቱ ደግሞ መሐንዲስ በዝርዝር የሚሠራው የጥገና ግምት ያስፈልጋል። የዳኝነት ክፍያ በምትጠይቁት ገንዘብ መጠን ስለሚሰላ ቁጥሩን አታጋንኑት፤ ከማስረጃው በላይ የሆነው እንደሁ ይቀነሳል። መክፈል የማይችል ሰው አቅም እንደሌለው አስረድቶ በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሏቸው።

ማዘጋት ከባድ ነው። ፍርድ ቤት አንድን ድርጊት የሚከለክለው ጉዳቱ በገንዘብ ካሳ የማይመለስ መሆኑን ስታሳዩ ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ በገንዘብ ይጠገናል ይባላል። የመጠጥ ውኃ መድረቅና ሰው ላይ ሊወድቅ የሚችል ፍንጣሪ ግን ሌላ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 155 ጊዜያዊ እግድ ስትጠይቁ በእነዚህ ላይ አተኩሩ። ሥራው በሙሉ ይቁም ከማለት «በዲሌይ ካልሆነ፣ ንዝረቱም ካልተለካ በስተቀር እንዳይፈነዳ» ብላችሁ ብትጠይቁ ዳኛው ይበልጥ ይቀበላችኋል። መንግሥት ራሱ ፈቃድ ማገድ እንደሚችል ግን አትርሱ፤ የለገደምቢ ወርቅ ማምረቻ ፈቃድ በ2010 ከነዋሪዎች ተቃውሞ በኋላ ታግዶ ነበር።

ሰባታችሁ በአንድ መዝገብ መክሰስ ትችላላችሁ፤ ጥቅማችሁ አንድ ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38 አንዱ ለሁሉም ሊከስ ይችላል። ሆኖም የየቤቱ ጉዳት በየስሙ ተዘርዝሮ ይቅረብ። ድርጅቱ በፌዴራል የተመዘገበ ከሆነ የሥልጣን መቃወሚያ ስለሚነሳ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ከመክፈታችሁ በፊት ጠበቃችሁ ይህን ይመርምር። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በክልል የሚሠራበት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

አባትህን በውክልና ወንድም ወይም ሌላ ልጅ ሊወክላቸው ይችላል። አንተ የግድ አታስፈልግም፤ የጂዳ ውክልና የሚያስፈልገው ከሳሹ አንተ ከሆንክ ነው፣ ደብተሩ ላይ ያለው ግን የእሳቸው ስም ነው።

አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ

ስለ ፊርማው ማንም ስላልመለሰ ልመልስ፣ ይህ አስቸኳይ ነውና። አባትህ ዛሬውኑ ይደወልላቸው፣ ሳይነበብላቸው ምንም እንዳይፈርሙ። «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር ያለበት ወረቀት በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደ ግልግል ስምምነት ሊቆጠር ይችላል፤ ግልግል ደግሞ በቁጥር 3312 በተስማሚዎቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። ያለፈውን ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ሊዘጋ ይችላል።

መስማማት ክፉ አይደለም፣ ሽማግሌም ይግባ። ወረቀቱ ግን ገንዘቡ ለየትኛው ቤት፣ ለየትኛው ስንጥቅ፣ እስከ የትኛው ቀን ለደረሰ ጉዳት እንደሆነ ይጻፍበት፤ «ወደፊት ለሚደርስ ጉዳት መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ይግባበት። በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው ከፍተኛው ኪሎ፣ የፍንዳታ ቀንና ሰዓት፣ ከፍንዳታው በፊት የሚነፋው ሳይረን፣ ውኃ የሚረጭበት መንገድ፣ ምንጩ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ድርጅቱ በቦቴ የሚያቀርበው ውኃ በቁጥር ይቀመጥ። ክስ ከተከፈተ በኋላ የተስማማችሁ እንደሆነ ስምምነቱ መዝገቡ ላይ ይያያዝ፤ ካልፈጸሙ በቀጥታ አፈጻጸም ትጠይቃላችሁ። አስቀድሞ የፈረመ ቤተሰብ ካለ ኮፒውን ለጠበቃ አሳዩት። ያላነበበውን ወይም ተታሎ የፈረመውን ማስፈረስ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ እሱም የራሱ የሁለት ዓመት ገደብ ስላለበት ጊዜ አይሰጥም።